ረደር ወይስ ኤለሮን? በሬዲዮ የሚመራ አውሮፕላን ማጠፍን ደረጃ በደረጃ መማር

የመጀመሪያው አውሮፕላኔ አየር ላይ የቆየው ግማሽ ደቂቃ ለማይሞላ ጊዜ ነው። ተነሳ፣ ከፍ አለ፣ ወደ ግራ እንዲታጠፍ የሪሞቱን ስቲክ (የመምሪያውን ዘንግ) ገፋሁት፣ ታጠፈ። ከዚያ ስቲኩን ለቀቅሁ። አውሮፕላኑ ግን እንዳጋደለ ቀረ፤ አፍንጫውን እየደፋ፣ ክቡን እያጠበበ፣ እየፈጠነ ወረደ። ደንግጬ ኤሌቬተሩን (አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን የጭራ ታጣፊ) ወደ ራሴ ሳብኩ፤ ክቡ ይባስ ጠበበ። ሮጬ ስደርስ ክንፉ መሃል ላይ ለሁለት ተሰብሮ አገኘሁት። ባትሪውም፣ ታጣፊዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር ሰርቮውም ደህና ነበሩ። አውሮፕላኑ በኤለሮን፣ ማለትም በክንፉ ጠርዝ ባለው ታጣፊ፣ የሚታጠፍ ነበር፤ እኔ ደግሞ ስቲኩን ስለቅ በራሱ የሚቃና መስሎኝ ነበር።

በረደር፣ ማለትም ጭራው ላይ በቆመው ታጣፊ፣ የሚታጠፍ ማሠልጠኛ አውሮፕላን ስትለቁት ይቃናል። በኤለሮን የሚታጠፈው ግን እናንተው እስክታቃኑት ድረስ እንዳጋደለ ይቆያል። ሁለቱ የሚጠይቁት የእጅ ልማድ የተለያየ ነው፤ ብዙ ጀማሪ የሚከሰክሰውም የአንዱን ልማድ ይዞ ሌላውን ሲያበር ነው። እኔ የማስተምረው መጀመሪያ በረደር፣ ቀጥሎ በኤለሮን፣ በመጨረሻ በሁለቱም ነው። አጠገባችሁ ቆሞ ሪሞቱን የሚጋራችሁ አስተማሪ ካለ ከመጀመሪያው ቀን በኤለሮን ብትጀምሩ ችግር የለውም፤ ብዙ ክለቦች እንደዚያ ነው የሚያስተምሩት። ብቻችሁን ከሆናችሁ ግን በረደር ጀምሩ።

ማጠፍ ማለት ማጋደል ነው

መኪና ሲታጠፍ ጎማው መሬቱን ይይዝለታል። አየር ላይ የሚያዝ ነገር የለም። አውሮፕላንን ወደ ጎን የሚጎትተው ክንፉ ራሱ ነው። ክንፉ ተስተካክሎ ሲበር የሚያነሳው ኃይል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው፤ ወደ ግራ ሲያጋድል የዚያ ኃይል ከፊሉ ወደ ግራ ይስባል፣ አውሮፕላኑም ይታጠፋል። ቢስክሌት የነዳ ሰው ጋደል ሳይሉ መታጠፍ እንደማይቻል ሰውነቱ ያውቀዋል። ኃይሉ ከፊሉ ወደ ጎን ሲሄድ ደግሞ ወደ ላይ የሚቀረው ስለሚቀንስ አፍንጫው ይደፋል። በመታጠፊያ ላይ ኤሌቬተር ትንሽ መሳብ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ረደርና ኤለሮን ወደ ማጋደል የሚወስዱ ሁለት መንገዶች ናቸው። ኤለሮን በክንፎቹ የኋላ ጠርዝ ላይ ያለው ታጣፊ ነው፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይወርዳል፣ ክንፉም ወዲያው ያጋድላል። ረደር ግን ጭራው ላይ የቆመው ታጣፊ ነው፤ የሚያዞረው አፍንጫውን እንጂ ክንፉን አይደለም። ታዲያ እንዴት ያጋድላል? ምስጢሩ የክንፉ ቅርጽ ላይ ነው። የረደር አውሮፕላን ክንፍ ከፊት ሲታይ ሁለቱ ጫፎቹ ቀና ያሉ ናቸው፣ አትሮኖስ ላይ ተከፍቶ እንደተቀመጠ መጽሐፍ። ረደሩ አፍንጫውን ወደ ግራ ሲያዞር የቀኙ ክንፍ ወደ ፊት ይወጣል፤ ቀና ያለ ስለሆነም ነፋሱ ከሥሩ ገብቶ ያነሳዋል። የግራው ወደ ኋላ ቀርቶ ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ አፍንጫው ይዞራል፣ ከዚያ ክንፉ ያጋድላል፣ ከዚያ አውሮፕላኑ ይታጠፋል። በመካከሉ ዓይን የሚያየው መዘግየት አለ፤ ይህን መዘግየት ያዙት፣ በኋላ እንመለስበታለን። ያው የክንፍ ቅርጽ ነው ስቲኩን ስትለቁ አውሮፕላኑን የሚያቃናውም።

ክንፉ ዝርግ ሆኖ ረደር ብቻ ያለው አውሮፕላን በጎኑ ይንሸራተታል እንጂ በደንብ አይታጠፍም። ጫፎቹ በጣም ቀና ያሉ ክንፍ ላይ ኤለሮን ብትገጥሙ ደግሞ ክንፉ እየታገለ ዳተኛ ይሆንባችኋል። ክንፍና መሪ አብረው ነው የሚመረጡት።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ጭልፊት ሥጋ ቤት አናት ላይ ስታንዣብብ ማየቱ አይቀርም። ቀና ብላችሁ ጭራዋን ተመልከቱ፤ ክንፏን ሳታራግብ ጭራዋን ወደ አንድ ጎን ጠምዘዝ ታደርግና ሰውነቷ ተከትሎ ይዞራል። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ከሥዕል ይልቅ ቶሎ ይገባቸዋል።

በሬዲዮ የሚመራ አውሮፕላን ታሪክም በዚህ ቅደም ተከተል ነው የሄደው። ዋልተርና ዊሊያም ጉድ የሚባሉ አሜሪካውያን መንትዮች እ.ኤ.አ. በ1937 «ጉፍ» ያሉትን ሞዴላቸውን በሬዲዮ እየመሩ አበረሩ፤ አውሮፕላኑ ዛሬ በስሚዝሶኒያን የአየርና የሕዋ ሙዚየም ይዞታ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሞዴሎች በአብዛኛው ረደር ብቻ ነበራቸው፤ በቀናው ክንፋቸው ራሳቸውን እያቃኑ ነበር የሚበሩት።

በምን እንማር?

ለዚህ ዓይነት ትምህርት የምወደው ፍላይት ቴስት የሚባለው የሞዴል አውሮፕላን ቡድን ያወጣውን «ታይኒ ትሬነር» የተባለ ንድፍ ነው። ንድፉ በነፃ ይወርዳል፤ የሚሠራው ዶላር ትሪን ከመሰሉ ሱቆች በሚገዛ ወረቀት በለበሰ ፎም ቦርድና በሙቅ ሙጫ ነው። ዋናው ውበቱ ለአንድ አካል ሁለት ክንፍ ያለው መሆኑ ነው፦ አንዱ ጫፎቹ ቀና ያሉ የረደር ክንፍ፣ ሌላው ኤለሮን ያለው። ክንፉ በላስቲክ ስለሚታሰር በሁለት ደቂቃ ይቀየራል፤ አውሮፕላኑ ሲወድቅም ላስቲኩ ይለቅና ክንፉ ከመሰበር ይተርፋል።

ተገጣጥሞ ያለቀ ከፈለጋችሁ፣ በረደር ለመማር ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ክንፍ ያለው የኢ-ፍላይት «ራዲያን» እጅግ የዋህ ነው፤ ሞተሩን አጥፍቶም ይንሳፈፋል። በኤለሮን ለመማር የሆቢዞን «ኤሮስካውት» ጥሩ ነው፤ ውልብልቢቱ ከኋላ ስለሆነ በአፍንጫው ቢተከል ቶሎ አይሰበርም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አሁን የሚሸጡት ብዙዎቹ ማሠልጠኛ አውሮፕላኖች ውስጣቸው ጋይሮ (የአውሮፕላኑን መጋደል የሚለይ መሣሪያ) አለ፤ በጀማሪ አሠራር ላይ ስታደርጉት ስቲኩን ስትለቁ አውሮፕላኑ ራሱን ያቃናል። ይኸ የኤለሮን አውሮፕላን የረደር ጠባይ እንዲያሳይ ያደርገዋል። ለመጀመሪያዎቹ በረራዎች ያድናችኋል፤ ሁልጊዜ በእሱ ካበረራችሁ ግን እጃችሁ የኤለሮንን ልማድ ሳይማር ይቀራል። ጋይሮው የጠፋ ቀን እኔ ላይ የደረሰው ይደርስባችኋል።

ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት፦ ሕጉ

በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ችላ ግን አትበሉት። አሜሪካ ውስጥ ከ250 ግራም በላይ የሚመዝን አውሮፕላን በፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር (ኤፍ.ኤ.ኤ) መመዝገብ አለበት፤ ለመዝናኛ ለሚያበር ሰው ክፍያው ለ3 ዓመት 5 ዶላር ነው። «ትረስት» የሚባለውን ነፃ የኢንተርኔት ፈተና ማለፍ፣ ቁጥጥር በሌለበት የአየር ክልል ከ400 ጫማ (120 ሜትር ገደማ) በታች መብረር፣ የተመዘገበ አውሮፕላን ላይ ደግሞ ሪሞት አይዲ (የአውሮፕላኑን ማንነትና ያለበትን ቦታ በሬዲዮ የሚያሳውቅ መሣሪያ) መግጠም ወይም ለዚሁ በታወቀ ሜዳ ላይ ማብረር ግዴታ ነው።

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ወገኖቼ በተለይ ስሙኝ። ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ በ15 ማይል ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም እዚያ ውስጥ ናቸው። ለልጅ የተገዛ የፎም አውሮፕላን ቢሆንም ሰፈር ካለው መናፈሻ አታስነሱት፤ ከክልሉ ውጭ ያለ የሞዴል አውሮፕላን ክለብ ፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ1936 የተመሠረተው የሞዴል አቪዬሽን ማኅበር (ኤ.ኤም.ኤ) ድረ ገጽ ላይ ክለቦቹ በየአካባቢያቸው ተዘርዝረዋል፤ በየክለቡም በነፃ የሚያስተምር ሰው አይጠፋም።

አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ፦ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ከትቶ እንዲያመጣላችሁ ከማዘዛችሁ በፊት ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ስለ ፈቃዱ ጠይቁ። ቦሌ ጉምሩክ ላይ ተይዞ ከሚቀር አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ደረጃ 1፦ መሪውን ቀኝ እጅ ላይ ማድረግ

አሜሪካ ውስጥ የተለመደው የሪሞት አደራደር «ሞድ 2» ይባላል፦ የግራ ስቲክ ትሮትልና (የሞተሩ ኃይል መቆጣጠሪያ) ረደር፣ የቀኝ ስቲክ ኤሌቬተርና ኤለሮን። እዚህ ላይ ጀማሪ የሚሳሳተው ረደር ብቻ ያለውን አውሮፕላን በግራ ስቲክ ሊመራ ሲሞክር ነው። እንደዚያ አታድርጉ። የረደሩን ሰርቮ ሪሲቨሩ (አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው የሬዲዮ ተቀባይ) ላይ የኤለሮን ቦታ ላይ ሰኩት፤ ስፔክትረም ሪሲቨሮች ላይ የኤለሮን ቦታ ተጽፎበታል፣ ፍላይስካይ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 1 ቁጥር ነው። እንዲህ ሲሆን የቀኝ አውራ ጣታችሁ ከመጀመሪያው ቀን ማጠፍን ይማራል፤ በኋላ ክንፍ ስትቀይሩ ያው ጣት ሥራውን ይቀጥላል። ይህን ያላደረገ ሰው ወደ ኤለሮን ሲሻገር ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

ውልብልቢቱን አውልቃችሁ ፈትሹ። ከአውሮፕላኑ ኋላ ቁሙ፦ ስቲኩን ወደ ቀኝ ስትገፉ የረደሩ የኋላ ጠርዝ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ወደ ራሳችሁ ስትስቡ ኤሌቬተሩ ወደ ላይ ይነሳል። ከተገለበጠ ሪሞቱ ላይ «ሪቨርስ» በሚለው አስተካክሉ። ኤክስፖ የሚባለውን 30 በመቶ ገደማ ስጡት፤ ስቲኩ መሃል አካባቢ ለስለስ ይልና የሚንቀጠቀጥ እጅ ያርፋል።

ሚዛኑ ከሁሉም ይበልጣል። ንድፉ ላይ ምልክት ያለበትን ቦታ ከክንፉ ሥር በሁለት ጣት ደግፋችሁ አንሱት፤ ምልክት ከሌለው ከክንፉ የፊት ጠርዝ የስፋቱን አንድ አራተኛ ወደ ኋላ ለኩ። አፍንጫው በጥቂቱ ደፋ ብሎ መቆም አለበት። ጭራው የሚወርድ ከሆነ ባትሪውን ወደ ፊት ግፉት። ጭራው የከበደ አውሮፕላን በየትኛውም መሪ ቢሆን እሺ አይልም።

ሁልጊዜ ሪሞቱ መጀመሪያ ይበራል፣ አውሮፕላኑ ቀጥሎ፤ ሲጠፋ አውሮፕላኑ መጀመሪያ። ሜዳ ላይ ደግሞ የሪሞቱን ኃይል ቀንሳችሁ በሚሠራው የርቀት መፈተሻ 30 እርምጃ ርቃችሁ ሰርቮዎቹ መታዘዛቸውን እዩ።

ደረጃ 2፦ ሳሎን ውስጥ መማር

አውሮፕላኑ ከእናንተ ሲርቅ ቀኝ ቀኝ ነው። ወደ እናንተ ሲመጣ የእሱ ቀኝ የእናንተ ግራ ይሆናል፤ ብዙ ሰው የሚከሰክሰውም እዚህ ላይ ነው። «ገልብጣችሁ አስቡ» የሚል ምክር ትሰሙ ይሆናል፤ ለማሰብ ግን ጊዜ የለም። ከዚያ ይልቅ ይህን ያዙ፦ ወደ እናንተ እየመጣ ያለ አውሮፕላን አንዱ ክንፉ ከወረደ፣ ስቲኩን ወደ ወረደው ክንፍ በኩል ግፉ። ዘመም ላለ አጥር ባላ እንደምታቆሙለት፣ ስቲኩን ከወረደው ክንፍ ሥር አቁሙለት። ይኸ ለረደርም ለኤለሮንም ይሠራል።

የእህቴን ልጅ ያስተማርኩት ሳሎን ውስጥ ነው። 11 ዓመቱ ነበር። እሱ ባትሪ የሌለው ሪሞት ይዞ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፤ እኔ ውልብልቢቱን ያወለቅሁለትን አውሮፕላን በሁለት እጄ ይዤ ከኩሽናው በር ወደ እሱ መጣሁ። በየሦስት እርምጃው አንዱን ክንፍ ዝቅ አደርጋለሁ፤ እሱ «ባላ!» ብሎ ስቲኩን ወደዚያው ይገፋል። ትክክል ሲሆን ክንፉን አቃናለታለሁ፤ ሲሳሳት ይባስ አጋድለውና ምንጣፉ ላይ አስተኛዋለሁ። መጀመሪያ ከሦስት አንዱን ነበር የሚስተው። እናቱ ቡናውን እስክታፈላ ድረስ መሳሳቱን አቆመ። በማግሥቱ ሜዳ ላይ አውሮፕላኑ ፊት ለፊት ሲመጣበት ከንፈሩ «ባላ» ሲል አየሁ፤ ጣቱ ከአፉ ቀድሞ ነበር።

ሲሙሌተርም ጨምሩበት። «ፒካሲም» ነፃ ነው፤ «ሪልፍላይት» የሚከፈልበት ሆኖ የራሱ መቆጣጠሪያ አለው። በየቀኑ 20 ደቂቃ፣ ለአንድ ሳምንት ያህል። ስልክ ላይ በመስታወቱ ከመጫወት ይልቅ ግን እውነተኛ ስቲክ የሚነካ ጣት ነው የሚማረው።

ደረጃ 3፦ በረደር ክንፍ መብረር

ጠዋት ውጡ፤ ነፋስ የማይነቃበት ሰዓት ነው። ፀሐይ ከጀርባችሁ ትሁን። በእጅ ስታስነሱ ነፋሱን ፊት ለፊት አድርጋችሁ፣ ክንፉን አስተካክላችሁ፣ ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ አድማስ ወርውሩት። የውልብልቢቱ ዙረት አውሮፕላኑን በመነሻው ወደ ግራ ሊያጋድለው ስለሚችል የቀኝ ጣታችሁ ዝግጁ ይሁን። ብቻችሁን ካልሆናችሁ ሌላ ሰው ይወርውርላችሁ፤ ሁለቱም እጃችሁ ሪሞት ላይ ይሁን።

40 ሜትር ገደማ ከፍታ እስክትደርሱ ምንም ማጠፍ አያስፈልግም፤ ከባለ 12 ፎቅ ሕንፃ ጣሪያ ከፍ ማለት ነው። እዚያ ስትደርሱ ትሮትሉን ወደ ግማሽ ቀንሱና በትሪም (ስቲኩን ሳትነኩ ታጣፊውን በጥቂቱ በሚያዛውረው የሪሞቱ ማስተካከያ) ቀጥ ብሎ እንዲበር አስተካክሉት። አሁን ስቲኩን ወደ ግራ ትንሽ ገፍታችሁ ያዙ። ምንም የሆነ አይመስልም። ያ መዘግየት ነው። ጀማሪ እዚህ ላይ ትዕግሥት ያጣና ጨምሮ ይገፋል፤ የመጀመሪያውም ሁለተኛውም ትእዛዝ አብረው ይደርሱና አውሮፕላኑ ከልክ በላይ ያጋድላል። ጠብቁ። አፍንጫው ይዞራል፣ ክንፉ ይከተላል። በመታጠፊያው ሙሉ ስቲኩን በትንሹ እንደያዛችሁ ቆዩ፣ ኤሌቬተሩን በስሱ ሳቡ። ሲበቃችሁ ልቀቁት፤ ራሱ ይቃናል። ይህን በግራም በቀኝም እስክትጠግቡ ደጋግሙ፣ ከዚያ ክብ፣ ከዚያ የ8 ቁጥር ቅርጽ። 8ን የምወደው እጅ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዳይለምድ ስለሚያስገድድ ነው፤ መሃሉ ላይ አውሮፕላኑ ሁልጊዜ ከእናንተ እየራቀ እንዲያልፍ አድርጋችሁ ጀምሩ፣ ስትደፍሩ ወደ እናንተ እየመጣ።

ክቡ እየጠበበ አፍንጫው እየደፋ ከሄደ ቅደም ተከተሉን በቃል ያዙ፦ ትሮትል ቀንሱ፣ ክንፉን አቃኑ፣ ከዚያ ብቻ ኤሌቬተር ሳቡ። ያጋደለ ክንፍ ላይ ኤሌቬተር መሳብ መታጠፊያውን ያጠብበዋል እንጂ አያወጣውም። የእኔን የመጀመሪያ አውሮፕላን የሰበረው ቅደም ተከተሉን መገልበጤ ነው።

ሰዓት ቆጣሪውን 5 ደቂቃ ላይ ሙሉ። ሊፖ ባትሪ እንዳለ ማሟጠጥ ይጎዳዋል፤ አርፎ ስትለኩት እያንዳንዱ ሴል ከ3.7 ቮልት በታች ሆኖ ካገኛችሁት ቀጣዩን በረራ አሳጥሩ።

መቼ ነው ክንፍ የሚቀየረው? 8ን ከፍታ ሳታጡ በሁለቱም አቅጣጫ ስትሠሩ፣ ሜዳው ላይ በመረጣችሁት ቦታ 10 ጊዜ በተከታታይ ስታሳርፉ። ከዚያ በፊት አትቸኩሉ።

ደረጃ 4፦ የኤለሮኑን ክንፍ ማሰር

ገመዶቹን አስተካክሉ፦ ኤለሮኑ የኤለሮን ቦታ ላይ ይሰካ፣ ረደሩ ወደ ራሱ ቦታ ይመለስ፣ ማለትም ወደ ግራ ስቲክ። ክንፉ ስለተቀየረ ሚዛኑን እንደገና ለኩ። ከዚያ የኤለሮኑን አቅጣጫ ሦስት ጊዜ ፈትሹ፤ የተገለበጠ ኤለሮን ይዞ የተነሳ አውሮፕላን ማዳን ልምድ ላለው ሰውም ከባድ ነው። ስቲኩ ወደ ቀኝ ሲሄድ የቀኝ ክንፍ ኤለሮን ወደ ላይ፣ የግራው ወደ ታች። የተነሳው ኤለሮን ክንፉን ይጫነዋል፣ የወረደው ያነሳዋል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ወደ ቀኝ ያጋድላል።

ለሁለቱ ክንፎች ሁለት ሰርቮ ካለ ኤለሮኑ ወደ ላይ ብዙ፣ ወደ ታች ጥቂት እንዲሄድ አድርጉ፤ ለምሳሌ 12 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ፣ 7 ወደ ታች። ምክንያቱ ወዲያው ይመጣል።

አሁን የእጅ ልማዱ ይቀየራል። በረደር ገፍታችሁ ትይዙ ነበር። በኤለሮን ግፉ፣ መልሱ፣ ሳቡ፤ መውጣት ስትፈልጉ በተቃራኒው ግፉ፣ መልሱ። ማለትም ስቲኩን ትንሽ ወደ ግራ ገፍታችሁ ክንፉ 20 ወይም 30 ዲግሪ ሲያጋድል ወደ መሃል ትመልሳላችሁ። አውሮፕላኑ እንዳጋደለ ይቆያል፤ ኤሌቬተሩን በስሱ ስትይዙለት ይዞራል። አቅጣጫው ሲስተካከል ወደ ቀኝ ትንሽ ገፍታችሁ አቃኑና መልሱ። የረደር ልማድ ይዞ ስቲኩን ገፍቶ የያዘ ሰው አውሮፕላኑን ይገለብጠዋል፤ ለቆ የጠበቀ ደግሞ እንደ እኔ ይከሰክሳል። መጀመሪያ 50 ሜትር ላይ ሆናችሁ ድምፅ አውጥታችሁ «ግፋ፣ መልስ፣ ሳብ» እያላችሁ ሥሩ። አፋር አትሁኑ፤ እንዲህ ሲል የሰማሁት ሁሉ ቶሎ ለምዷል።

ደረጃ 5፦ የግራ ጣትን ማንቃት

ኤለሮን ብቻውን በቂ መስሎ የሚታይበት ጊዜ ይመጣል። ረጅም ክንፍ ያለውን አውሮፕላን በዝግታ ስታበሩ ግን ከጎን ተመልከቱት፦ ወደ ግራ ሲያጋድል አፍንጫው ለአፍታ ወደ ቀኝ ይሸሻል። የወረደው ኤለሮን ያንን ክንፍ የበለጠ ስለሚያነሳው አየሩም የበለጠ ይጎትተዋል፣ ያ ክንፍ ወደ ኋላ ይቀራል። ራይት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1901 ያጋጠማቸው ይኸው ነው፦ ክንፉን በመጠምዘዝ አጋድለው ሊያጥፉት ሲሉ ተንሳፋፊያቸው ወደ ተቃራኒው ይዞር ነበር። በ1902 የሚንቀሳቀስ ረደር ገጥመው ከክንፉ መጠምዘዣ ጋር አያያዙትና ችግሩ ተፈታ። በሞተር የበረሩት ከዚያ በኋላ፣ በታኅሣሥ 1903 ነው። ኤለሮናችሁ ወደ ታች ጥቂት እንዲሄድ ያደረግነውም ይህን ጉተታ ለመቀነስ ነው።

መልመጃው፦ ወደ ግራ ኤለሮን ስትሰጡ በዚያው ቅጽበት የግራ ጣታችሁ ረደሩንም ወደ ግራ በትንሹ ይግፋው፤ ኤለሮኑን ስትመልሱ ረደሩም ይመለስ። አፍንጫው ሳይሸሽ፣ ጭራው ሳይንሸራተት አውሮፕላኑ በሐዲድ ላይ እንዳለ ሲዞር ልኩን አግኝታችሁታል። ሪሞቱ ላይ ሁለቱን የሚያያይዝ ሚክስ አለ፤ እኔ ግን ጣታችሁ ከተማረ በኋላ ካልሆነ አትጠቀሙበት እላለሁ፤ ለማሳረፍ የግራ ጣት ለብቻው ስለሚፈለግ።

ደረጃ 6፦ ማሳረፍ

ዝቅ ብሎ የቀዘቀዘ አውሮፕላን ሁለት ወጥመድ አለው። አንደኛው የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ነው፦ መንደርደሪያውን ሊያልፍ ሲል ብዙ ሰው ክንፉን ማጋደል ይፈራና አፍንጫውን በረደር ብቻ ይጎትታል። የውስጠኛው ክንፍ ፍጥነት ያጣል፣ ስቶል ያደርጋል (የማንሳት ኃይሉን ያጣል)፣ አውሮፕላኑ ተገልብጦ ይወርዳል። ካመለጣችሁ ትሮትል ሰጥታችሁ ተነሱና እንደገና ዙሩ። ሁለተኛው፣ በዝግታ ስትበሩ አንዱ ክንፍ ድንገት ሲወድቅ በኤለሮን ለማንሳት መሞከር ነው። የወደቀው ክንፍ ላይ ኤለሮኑ ወደ ታች ሲወርድ ስቶሉን ያባብሰዋል። ኤሌቬተሩን አላሉ፣ ትሮትል ጨምሩ፣ ክንፉን ከወደቀው በተቃራኒው በረደር አንሱት።

አዲስ አበባ ወይም ዴንቨር ላይ ብታበሩ ይኸ ሁሉ ይፈጥናል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ወለል በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ አውሮፕላኑ ላለመውደቅ የበለጠ መፍጠን አለበት። እዚያ ቀስ ብሎ ሲመጣ ያያችሁት አውሮፕላን ከስቶል የራቀ እንዳይመስላችሁ።

የጎን ነፋስ ሲኖር ሁለቱ ጣቶች ሥራ ይከፋፈላሉ። ነፋሱ ከቀኝ ይነፍሳል እንበል። አፍንጫውን በትንሹ ወደ ነፋሱ አዙራችሁ በመንደርደሪያው መስመር ላይ ኑ። ከመሬት የጉልበት ያህል ከፍታ ሲቀረው በግራ ረደር አፍንጫውን ከመስመሩ ጋር አስተካክሉ፤ በዚያው ቅጽበት የቀኝ ጣታችሁ ኤለሮኑን በትንሹ ወደ ቀኝ ይዞ ክንፉ በነፋሱ እንዳይነሳ ያደርጋል። ሁለቱ ስቲኮች ወደ ተቃራኒ ይሄዳሉ። ጎማ ካለው በነፋሱ በኩል ያለው ጎማ ቀድሞ ይነካል፣ ከዚያ ሌላው። ሲቆም ትሮትሉን ወደ ታች ይዛችሁ፣ መጀመሪያ የአውሮፕላኑን ባትሪ ንቀሉ፣ ከዚያ ሪሞቱን አጥፉ።